የጎረቤት ካሜራ፣ የለቅሶ ቤት ቪዲዮ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ካሜራ ናቸው። አራቱን ልመልስ።

«ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ካሜራ ሰቀለ። የኛን ጓሮ ያያል። ልብስ የምናጥበው፣ ልጆች የምናጥበው እዚያ ነው። 'ሌባ በዝቷል' ይላል።» (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ሌባ መፍራቱ እውነት አለው። የእናንተን ጓሮ መቅረጹ ግን ልክ አይደለም። ሂዱና «እስቲ በስልክህ አሳየን» በሉት። ምን ያህል እንደሚታይ ራሱም ልብ ላይለው ይችላል። ካሜራውን ወደ በሩ ማዞር ቀላል ነው። አልዞር ካለም ብዙዎቹ ካሜራዎች ሴቲንጋቸው ውስጥ የምስሉን አንድ ጥግ በጥቁር የሚሸፍን ምርጫ አላቸው። እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኩ፤ ከዚያ በኋላ ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወታችሁን ያስከብራል።

«አባታችን አርፎ እናቴ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ አንዱ ለቀስተኛ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። እናቴ ከቤት መውጣት ጠላች።» (ከመሐል ሜዳ)

ነፍስ ይማር። ደብዳቤው አንጀቴን በላው። እኛ ዘንድ ለቅሶ በድብቅ አይለቀስም። ድንኳን ይጣላል፣ አገር ይሰበሰባል፣ ሙሾ ይወርዳል። እናታችሁ ግን ያለቀሱት አብሯቸው ለሚያለቅስ ሰው ነው። አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልክ ለሚነካካ ለማያውቃቸው ሰው አይደለም።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን በአደባባይ የተደረገ ሥነ ሥርዓትን ከክልከላው ያወጣል። ልጁም «ለቅሶ አደባባይ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ክሱን አታስቀድሙ። መጀመሪያ ስክሪንሾትና ሊንኩን ያዙ። ቀጥሎ ልጁን በዘመድ በኩል «አጥፋው» በሉት። ቲክቶክም ላይ ሪፖርት አድርጉ። ትልቁ ሥራ ግን የዕድር ነው። ዕድር ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣ የለ? «ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ለቅሶ ቤት አይቀረጽም» የሚል ደንብ ያጽድቅና የቀረጸውንም ይቅጣ። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ብታነሱት ደስ ይለኛል።

«ካፌዬ ያለው ካሜራ ድምፅም ይቀዳል። ሠራተኞቼ አኮረፉ።» (ከሸዋ ሮቢት)

ቢያኮርፉ አይፈረድባቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ወሬያቸው እየተቀዳ ማን ደስ ይለዋል? ድምፁን አጥፊው እህቴ። ካሜራው ሒሳብ መቀበያውን ይይ። ልብስ መቀየሪያ አካባቢ ግን በፍጹም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስብ መናገር አለበት። በሩ ላይ «ካሜራ አለ» ብለሽ ለጥፊ። ከካሜራው ጋር የመጣውን ፓስወርድም ዛሬውኑ ቀይሪ፤ ካልቀየርሽው ሌላ ሰው ገብቶ ሊያይ ይችላል።

«የ15 ዓመት ልጄ የት እንዳለች የሚያሳይ አፕ ስልኳ ላይ ልጫን?» (ከደብረ ሲና)

ነግረዋት ከሆነ ይጫኑ። ተደብቀው ከሆነ ይተዉት፤ ያወቀች ቀን ስልኳን ቤት ጥላ ትወጣለች።