256 ሳምፕል ስንት ሚሊሰከንድ ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በላፕቶፕና በዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ክራርና ድምፅ እቀርፃለሁ። ባፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን በየተራ የሚያከማችበት ቋት) 256 ሳምፕል (በየቅጽበቱ የሚለካ የድምፅ ቁጥር)፣ የሳምፕል ፍጥነቱ 48,000 ሄርዝ ስለሆነ መዘግየቱ በስሌቴ ከ5 ሚሊሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሆኖም ድምፃውያኑ በሄድፎን የራሳቸው ድምፅ ዘግይቶ እንደሚሰማቸው ይነግሩኛል፤ የተቀረፀው ክራርም ከክሊኩ (ምት ከሚጠብቀው ድምፅ) ወደ ኋላ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ የሚለካው ግን አንድ ባፈር እስኪሞላ የሚወስደውን 5.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ድምፁ ከማይክ ተነስቶ ሄድፎን እስኪደርስ የመግቢያውንም የመውጫውንም ባፈር ስለሚያልፍ 10.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም መልሰው ወደ ድምፅ የሚለውጡት ክፍሎች የሚወስዱት ጊዜ፣ እንዲሁም ድራይቨሩ (ሳውንድ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የዩኤስቢው ፍሰት እንዳይቋረጥ የሚይዘው መጠባበቂያ ይጨመራል። ይህ መጠባበቂያ ከመሣሪያ መሣሪያ በእጅጉ ስለሚለያይ ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ እንዲይዟቸው አጥብቄ እመክራለሁ፤ የአንዱ መፍትሔ ሌላውን አያቃናውም።

የክራሩን መዘግየት ለማወቅ የሳውንድ ካርዱን መውጫ በአጭር ገመድ ከላይን መግቢያው ጋር ያገናኙ። አስቀድመው ሳውንድ ካርዱ ለማይክ የሚልከውን የ48 ቮልት ኃይል ያጥፉ፤ በሚቀርፁበት ትራክ ላይም ማዳመጫውን (የሚገባውን ድምፅ መልሶ የሚያሰማውን የፕሮግራሙን ቁልፍ) ይዝጉ፣ አለበለዚያ የወጣው ድምፅ ተመልሶ እየገባ ጆሮም ስፒከርም ሊጎዳ ይችላል። አንድ ስለታም ክሊክ ከአንዱ ትራክ እያጫወቱ በሌላው ይቅረፁ፤ ከዚያም ሞገዱን አጉልተው በሁለቱ መነሻዎች መካከል ስንት ሳምፕል እንዳለ ይቁጠሩ። አብዛኞቹ የቀረፃ ፕሮግራሞች ድራይቨሩ የነገራቸውን መዘግየት ራሳቸው ስለሚያካክሱ፣ የሚቀረው ልዩነት ድራይቨሩ ያልተናገረው ነው። ለምሳሌ 96 ሳምፕል ቢያገኙ 2 ሚሊሰከንድ ማለት ነውና በፕሮግራሙ የመዘግየት ማስተካከያ ላይ 96ን ያስገቡ። በተለይ በችክችካ ምት ክራርና ከበሮ ተራ በተራ ሲደረቡ ይህ ማስተካከያ ሊዘለል አይገባም።

የድምፃውያኑ ቅሬታ ከዚህ የተለየ ነው። ድምፅ በ10.7 ሚሊሰከንድ በአየር ውስጥ 3.6 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መሣሪያ ተጫዋች ይህን ያህሉን ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ዘፋኝ ግን የራሱን ድምፅ በአጥንቱ በኩል ወዲያው ስለሚሰማና የዘገየው በላዩ ስለሚደረብበት በጥቂት ሚሊሰከንድም ይታወካል። ሳውንድ ካርድዎ ማይኩን በኮምፒውተሩ ሳያሳልፍ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚልክ ቁልፍ ካለው በእርሱ ይጠቀሙ፣ የፕሮግራሙን ማዳመጫም ይዝጉ። ከሌለው ባፈሩን ወደ 128 ወይም 64 ያውርዱ፤ ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ ፕሮሰሰሩ አልደረሰበትምና አንድ ደረጃ ይመልሱት። ሚክስ ሲያደርጉ 1024 ቢሆንም ጉዳት የለውም።

ድራይቨሩን፣ የሳምፕል ፍጥነቱን ወይም ባፈሩን በለወጡ ቁጥር ያልተነገረው መዘግየት ሊለወጥ ስለሚችል፣ በገመዱ እንደገና ይለኩ።