«እርጥበት መለየት» ወይስ «ጠል ማጥለል»?

ከሰበታ አንድ የምህንድስና ተማሪ ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ የመመረቂያ ሥራዬ በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ እንፋሎቱ ይዞት የሚወጣው ውሃ እንዴት እንደሚለይ በኮምፒውተር ሞዴል ማሳየት ነው። አጭር የአማርኛ መግለጫ ማዘጋጀት ፈልጌ ‹እርጥበት መለየት› አልኩት። ያስኬዳል?»

አያስኬድም ብዬ ልጀምርና ኋላ እንታረቃለን።

እርጥበት ከግዕዙ ረጥበ ነው የመጣው። ፊት ያለችው እ የኛ ጭማሪ ናት፣ ቃል በ‹ር› ሲጀምር አፋችን ስለማይመቸው። መጨረሻው ላይ የተለጠፈው ምዕላድ ደግሞ ረቂቅ ስም ያደርገዋል። የግድግዳ እርጥበት አለ፣ የልብስ እርጥበት አለ፤ ሁኔታ ነው። ሁኔታ እንዴት ይለያል?

እዚህ ኮዬ ፈጬ ጎረቤቴ እንጀራ ስትጋግር የምጣዱን ክዳን ቀጥ አድርጋ አታነሳውም። ዘንበል ታደርገዋለች። ከሥሩ የተንጠለጠለው ጠብታ በጠርዙ ተንሸራቶ ወደ ውጭ ይወርዳል፣ እንጀራው ላይ ካረፈማ ያበሰብሰዋል። ያንተም መሣሪያ ሥራው ይኸው ነው። መጀመሪያ ጠማማ ክንፎች እንፋሎቱን ያሽከረክሩታል፣ ከባዱ ውሃ ወደ ግድግዳው ይወረወርና ቁልቁል ይፈሳል፤ የተረፈው በዚግዛግ በታጠፉ ቆርቆሮዎች መሃል ሲያልፍ ይያዛል። ወደ ተርባይኑ፣ እንፋሎቱ ገፍቶ ወደሚያዞረው መዘውር፣ በሚሄደው እንፋሎት ውስጥ የሚቀረው ውሃ ብዙውን ጊዜ በክብደት ከ0.25 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፣ አለዚያ ጠብታው የተርባይኑን ምላጭ (ብሌዱን) እየቦረቦረ ይበላዋል። ሞዴሉስ ቢሆን? ቦታውን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የእንፋሎቱን ፍጥነት ያሰላል፣ ከዚያ ጠብታውን በየመጠኑ ይከተላል። ትልቁ መታጠፍ አቅቶት ግድግዳ ይመታል፣ ትንሹ ከእንፋሎቱ ጋር ያመልጣል። እርጥበት ተከትሎ የደረሰበት ሰው አላውቅም።

(«ሞዴል»ን ተወው። «አምሳያ» በሉ ብዬ ስንት ዓመት ጮኬ ማንም አልሰማኝም።)

የኔ ምርጫ «ጠል ማጥለል» ነው። ጠል በግዕዝም ጠል ነው፤ ጠዋት ታክሲ ልይዝ ስወጣ ሣሩ ላይ ጫማዬን የሚያበሰብሰው። ማጥለልን ሻይ የሚያፈላ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የማከብረው ሰው «ጠልና ጠለለ በድምፅ ነው እንጂ በሥር አይገናኙም፣ እንዲያ ከሆነ ተጠለለንም ጨምርበት» ብሎ ቀልዶብኛል። ተጠለለ እኮ ከጸለለ ነው! ጽላሎት፣ ጥላ፣ መጠለያ፤ ጸ ወደ ጠ ዞሮ ነው እንጂ ከውሃ ጋር ምን አገናኘው? ስለ ጠልና ጠለለ ግን ማስረጃ አምጣ ካለኝ ጆሮዬን ነው የማቀርበው። የጠለለ ውሃ፣ የጠዋት ጠል፤ ሁለቱም ንጹህ ናቸው። ለኔ ይበቃኛል።

እንፋሎት ያልከው ልክ ነው፣ ወደ «ተን» አትቀይረው። ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ነጭ ሆኖ የምናየው ራሱ ጥቃቅን ጠብታ ነው፣ ንጹሁ እንፋሎት ለዓይን አይታይም። ቃላችን ገና ከቤት ጀምሮ ሁለቱን አደባልቆ ይዟቸዋል።

እሺ፣ ልታረቅ። የአየር ትንበያውም የትምህርት ቤት መጽሐፉም እርጥበት ብሎ ጨርሷል፣ «ጠል» ብትል መምህርህ ግጥም የጻፍክ ይመስለዋል። አርእስቱ ላይ «እርጥበት መለየት» በል። ቁጥሩንም «0.25 በመቶ እርጥበት» ብትለው አልጣላህም፣ እዚያ ልኬት ነውና። ሞዴሉ የሚከተለውን ግን ጠብታ በለው። መሣሪያውን ደግሞ «ሴፓሬተር» ከምትለው «ማጥለያ» በልልኝ፣ እሷን እንኳ አትንፈገኝ።