ስለ ቋንጣና የጨጓራ ካንሰር ለጠየቅከው

አብሽር ወንድሜ! ቋንጣ የጨጓራ ካንሰር ያመጣል ወይ ብለህ ነው የጠየቅከው፤ አባትህ ደሴ፣ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ቋንጣ ስለበሉ ብቻ አትደንግጥ። ይበልጥ የሚያሰጋው ናይትራይት የሚባል ማቆያ ኬሚካል የሚጨመርበት እንደ ሞርታዴላ ያለው ሥጋ ነው። ናይትራይቱ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ከሥጋው ከሚወጡ አሚን ከሚባሉ ነገሮች ጋር ሲዋሃድ ናይትሮሳሚን የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር ይፈጠራል፣ እሱ ደግሞ በሕዋሳችን ውስጥ ባለው የዘር መረጃ፣ በዲኤንኤ ላይ ተለጥፎ ጉዳት ያደርሳል፤ ተመራማሪዎች የጉዳቱ ምልክት አድርገው የሚለኩትም ይኸው ዲኤንኤ ላይ የተለጠፈው ነው፣ ግን ክሊኒክ ሄደህ የምታሠራው ምርመራ አይደለም። ቫይታሚን ሲ ውህደቱን ይገታል፣ እና ቃሪያውም ብርቱካኑም አይቅር። የቋንጣውን ጨው ግን ቀንሱላቸው፣ የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳል።

ከሁሉ በፊት ኤች ፓይሎሪ አስመርምራቸው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ባክቴሪያ ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል። ከከሱ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ቶሎ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን የማየት ምርመራ) ይታዩ፣ ተልባ እያጠጣችሁ አትቆዩ።