አባዬና አራቱ ቮልሶች

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ሰው የባልና የሚስት ጉዳይ ይጽፍልዎታል፤ የእኔ ግን የቮልስ ጉዳይ ነው። እባክዎ አይሳቁብኝ።

አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የመጀመሪያዋን ቮልስ የገዙት በ1965 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ አራት ቮልስ አለ። አንዷ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱባታል። ሁለቱ ጎማ የላቸውም፤ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። አራተኛዋ ሸራ ለብሳ ጥግ ይዛለች። ሸራው ሲገለጥ ያየሁት ልጅ እያለሁ ነው።

መኪኖቹስ ይሁኑ። ሁለቱም ሰርቪስ ቤቶች በመለዋወጫ ሞልተዋል። ካርቡሬተር፣ ዲናሞ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፤ ግማሹ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታጭቆ። እማዬ እንጀራ የምትጋግረው በረንዳ ላይ ነው፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ተቀምጧል። ድሮ "ጣውንቶቼ" እያለች ትስቅባቸው ነበር። አሁን አሁን አትስቅም።

ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሳለ አባዬ ዕቃ ሊፈልጉ ገብተው ቸርኬ አደናቀፋቸውና ወደቁ። እጃቸው ተሰበረ። ድኗል፤ ግን ፈራሁ።

ሰፈራችን ቮልስ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። አንድ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ልግዛዎት ብሎ መጣ። "የለኝም" አሉት። ሞተሪኖው ከጀርባቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል! ልጁም አይቶታል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ድንጋይ ላይ ካሉት አንዷን ፈልጎ መጣ፤ የቤት ዋጋ ጠሩበትና ሄደ። "ንጉሠ ነገሥት የተሳፈረበትን መኪና በርካሽ?" ይላሉ። ነገሩ እውነት ቢሆንም የተሳፈሩት ከዙፋን ሲወርዱ ነው ብዬ ልመልስላቸው አልችልም።

ወንድሜ ዋሽንግተን ነው። "አባዬን ለሳምንት ሐዋሳ ውሰጃቸው፤ እኔ ደላላ እልካለሁ፤ የቀረውን ቁራሌ ይጠርገው" ይለኛል። ደላላውም ደውሎልኛል፤ "ወረቀቱን ለእኔ ተዪው" አለኝ። ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የአንደኛዋ ሊብሬ በሟች ጎረቤታችን ስም ነው ያለው።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ ወደ ሐዋሳው እያደላ ነው። ባለፈው ወር አባዬ አንድ ብረት አንስተው ሲያገላብጡ ቆዩና "ይሄ የምን ነበር?" አሉኝ። እኔን! ምን ላድርግ?

የቮልስ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ እህቴ፣

ሐዋሳው ይቅር። አባትሽ ከሐይቅ ዳር ተመልሰው ባዶ ግቢ ሲያዩ የሚሆኑትን ወንድምሽ አያየውም፤ የምታዪው አንቺ ነሽ። ደግሞም መኪና እንደ አሮጌ ጫማ አይሸጥም። ባለቤቱ ራሳቸው ውልና ማስረጃ ቀርበው ካልፈረሙ፣ ወይም ለመሸጥ የሚያስችል ውክልና ካልሰጡ፣ ስም አይዞርም። "ወረቀቱን ለእኔ ተዪው" የሚል ደላላ ሲደውል ስልኩን አታንሺ።

ቁራሌውን በተመለከተ ግን እኔ ራሴ ንስሐ አለብኝ። አጎቴ ፊያት 600 ነበራቸው፤ ከእሷ ጋር ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ። አርባቸው እንደወጣ ቁራሌ ጠራን። በማዳበሪያ እየሞላ፣ በኪሎ እየመዘነ ወሰደው። ዓመት ሳይሞላ አንድ ሰውዬ የበር መስታወት ማዞሪያ ፈልጎ በራችንን አንኳኳ። ነበረን? አልነበረንም? ለሰውዬው መልስ አጣንለት። ስንቱ ዕቃ ምን እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛ የሸጥነው ብረት ነው።

ለዚህ ነው ከደብዳቤሽ ሁሉ "ይሄ የምን ነበር?" የሚለው ያስደነገጠኝ። ከመውደቃቸው በላይ ነው ያስደነገጠኝ። በነገራችን ላይ ለመርሳታቸው ሐኪም ጋ ይታዩ፤ እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ከዕቃው ቀድሞ መውጣት ያለበት ግን እሳቸው የሚያውቁት ነገር ነው።

"የለኝም" ማለታቸውንም በክፉ አትይባቸው። የአባትሽ ዘመን ሰው ዕቃ የሰበሰበው ስስት ይዞት አይደለም። በደርግ ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገባም ነበር። የቆመች መኪና ተበልታ የምትሄደዋን ታኖራለች። አንድ ሞተሪኖ ጓዳ ያለው ሰው ሥራው ላይ ይደርሳል፤ የሌለው በእግሩ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ራሱን ያዳነ ሰው ዛሬ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ገበያ ሞልቷል ብትዪው አይሰማሽም። ገበሬ ዘሩን እንደማይበላው ቁጠሪው።

ስለ ዋጋውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለውን መያዝ ሞኝነት አይደለም። የንጉሡንም ነገር አትንኪባቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት በቮልስ ነው የወጡት። አባትሽ ያን ቀን የ27 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ የራሳቸውም ቮልስ በራቸው ላይ ቆማለች። ለእኔና ለአንቺ ታሪክ ነው፤ ለእሳቸው የወጣትነታቸው መስከረም ነው።

የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ዕቃው እንደተቀመጠ የሚቆይ ይመስላቸዋል። አይቆይም። ብረት በደረቅ ቦታ፣ በቅባት ታሽቶ ብዙ ዘመን ይኖራል። ጎማ ነገር ግን ቤት ውስጥ ተጠቅልሎም ይሞታል። የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የመስታወት ላስቲክ፣ የሲሊንደር ጎማ ሁሉ ይደርቃል፤ በጣት ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። የሠላሳ ዓመት የፍሬን ቱቦ ለማንም አይሰጥም፤ ነፍስ ያጠፋል። ያ ይጣል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ድንጋይ ላይ የቆሙትም የሚጠብቁ እንዳይመስልሽ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ስር ነው። አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል፤ ክረምቱ ከታች ያግዘዋል። ወንበሩን አንሺና በእጅ ባትሪ እያበራሽ እይ። መሬቱ ከታየሽ አባትሽንም ጥሪና አሳያቸው፤ ምንም አትናገሪ። እሳቸው ከአንቺ በላይ ይረዱታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አባትሽ አስተማሪ ናቸው አላልሽም? ያ ልጅ የመጣው በገዢነት ነው። ገዢን በ"የለኝም" መመለስ ቀላል ነው፤ ተማሪን ግን ለአስተማሪ ይከብደዋል። ልጁን ብቻውን አናግሪው። ሁለተኛ ሲመጣ ገንዘብ ይዞ አይምጣ፤ ጥያቄ ይዞ ይምጣ። "ጋሼ፣ ባለ 6 ቮልቱን ዲናሞ ከባለ 12ቱ በምን እለየዋለሁ? የ1200ውን ካርቡሬተር ከ1300ው?" ይበላቸው። ከዚያ ወንበር አቅርቢ፤ ቡናም አፍይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሁን። እሳቸው ይናገሩ፤ ልጁ ዕቃው ላይ ካርቶን ይሰር፤ አንቺ ደብተር ላይ ጻፊ። ምን እንደሆነ፣ ከየትኛዋ መኪና እንደወጣ፣ መቼ እንደተገዛ። ከነወሬው ጻፊው፤ ለልጅ ልጆችሽ የሚጣፍጠው ወሬው ነው። የማያስታውሱት ከመጣ "የምን ነበር" ብለሽ አትጨቅጭቂ። ልጁ ያጣራዋል።

ከየት ትጀምሩ? ከማድ ቤቱ። ሁለቱ ካምቢዮ አይሸጡ፤ ይዛወሩ ብቻ። እናትሽ ስንት ዓመት በረንዳ ላይ እንደጋገረች አልነገርሽኝም፤ የጠየቅሽኝም ስለ እሷ አይደለም። አባትሽን ለመጠበቅ ስንሯሯጥ የእሷ ወገብ የሚረሳ ከሆነ ምክሬን ወዲያ በዪው። ደግሞ መተላለፊያው ላይ ያለ ቸርኬ ዛሬውኑ ይነሳ፤ ለዚያ ፈቃድ አትጠይቂ።

ከሦስት አራት ቅዳሜ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ዕቃ ያ ሞተሪኖ ይመስለኛል። እሳቸው ራሳቸው አንስተው ይሰጡታል። ዋጋ ካልጠሩ አትጥሪ። ባይሰጡም ደብተሩ ተርፎሻል።

ወንድምሽም ሥራ ፈት አይሁን። አባትሽ "የትም አይገኝም" የሚሉት ሁሉ አልጠፋም። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ፈረንጆቹ 2003 ሲሠራ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የጎማ ዕቃ ዛሬም አዲስ እየተሠራ ውጭ አገር ይሸጣል። ምክሩን በስልክ ከሚልክ ላስቲኩን በሻንጣ ይላክ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን መጣል ይቀላቸዋል።

የወረቀቱን ነገር ደግሞ ለነገ አታሳድሪው። በሟች ጎረቤት ስም ያለችው መኪና የአባትሽ መሆኗን፣ እሳቸው ሲያልፉ የሚያስረዳ አይኖርም። ውክልና ነበራቸው ቢሉሽም ውክልና ሰጪው ሲሞት ይቀራል። የገዙበት ውል አለ? ምስክር የነበረ ሰው በሕይወት አለ? የጎረቤቱ ልጆችስ የት ናቸው? ይህን ሁሉ መመለስ የሚችሉት አባትሽ ናቸው፤ አሁን። መልሱን ይዘሽ ጠበቃ ጋ ሂጂ።

ኑዛዜም ከተነሳ፣ አንቺ አታንሺው። የነፍስ አባታቸው ወይም የሚያከብሩት ጓደኛ ያንሳው። በእጃቸው መጻፍ ከፈለጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳቸው እጅ ይጻፉት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበሉ፤ ቀን ይጻፉበትና በየገጹ ይፈርሙ። ሌላ ሰው የሚጽፍላቸው ከሆነ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ። እንዲህ ያለ ሰው "ሁለተኛዋ ለእገሌ ትሁን" ብሎ ሲጽፍ ደስ ይለዋል። መኪናዋን ያጣት አይመስለውም፤ የላካት ነው የሚመስለው።

የእሑዷ ግን ትቆይ። መንዳት ሲከብዳቸው አንቺ ንጂላቸው፤ ማርሽ ስትቀይሪ ይቆጡሽ።

አሁን ደግሞ የራሴ ጥያቄ አለኝ። ያቺ ሸራ የለበሰችው! የሻንሲ ቁጥሯ ከኋላ ወንበር ስር፣ መሐል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። 117 ብሎ የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ከሆነ የፈረንጆቹ 1967 ሞዴል ናት፤ ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ነው የሚናገረው። ቁጥሩን አባትሽ ያንብቡልሽ፤ መነጽራቸውን አቀብያቸው። ከዚያ ጻፊልኝ።