«ልጄ ለምን አንድ ክለብ ላይ አይረጋም?»

ጥያቄ፦ ልጄ 27 ዓመቱ ነው፤ የመስመር አጥቂ ነው። በ7 ዓመት ውስጥ 5 ክለብ ቀይሯል። ክረምት ሲገባ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ «ዘንድሮስ የት ሆነ?» ሲሉኝ ማፈር ጀምሬአለሁ። የጎደለው ጠባይ ነው ወይስ ችሎታ? ትቶ ሌላ ሥራ ይፈልግ ልበለው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እናት፣ እኔም በ11 ዓመት የ7 ክለብ ማልያ ለብሻለሁ፤ ሁሉንም በቀኝ መስመር። አንድ ቀን ወላጅ እናቴ ከማልያዎቹ አንዱን ቀድዳ የወጥ ቤት መወልወያ አድርጋው አገኘኋት። ስቆጣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ደመወዝህን ያልከፈሉህ የእነዚያን ነው» አለችኝ።

አሰልጣኝ በተለወጠ ቁጥር መጀመሪያ ቦታ የሚያጣው የመስመር አጥቂ ነው። አዲሱ ሰው ሦስት ተከላካይ ማሰለፍ ከወደደ፣ መስመሩን በሙሉ ላይ ታች የሚሮጥበት አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። እኔን በዘመኑ አጋማሽ የመጣ አሰልጣኝ እንዲህ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰኝ። በሁለት ጨዋታ ሁለት ግብ በእኔ በኩል ገባ። ሦስተኛውን ከተጠባባቂ ወንበር ተመለከትኩ፤ ክረምት ላይ መልቀቂያዬን ወሰድኩ። ጠባዬ ያው የድሮው ነበር።

ለጎረቤቶችዎ የአልበርት አዶማህን ታሪክ ይንገሯቸው። ለጋና ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ፣ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ስብስብ ውስጥ የነበረ የመስመር ተጫዋች ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከባርኔት ክለብ ወደ ብሪስቶል ሲቲ፣ ከዚያ ወደ ሚድልስቦሮ ሄደ። ሚድልስቦሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ አብሮ ደክሟል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ግን እንደገና ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ አስቶን ቪላ ተዛወረ። እዚያም በአንድ የውድድር ዘመን 14 የሊግ ግብ አስቆጠረ። ቪላ በ2019 ሲያድግ ውሉ አልቆ ተሰናበተ። ሁለት ጊዜ ድግሱን አብስሎ ሁለቱንም ጊዜ ከገበታው ተነሣ ማለት ነው። ከዚያ ኖቲንግሃም ፎረስት፣ በውሰት ካርዲፍ፣ ቀጥሎም በ32 ዓመቱ በልጅነቱ ይደግፈው የነበረው ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ። ይህን ሰው «አይረጋም» የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

እኔን የሚያስፈራኝ የልጅዎ ወረቀት ነው። ውሉ መቼ ያልቃል? የተፈረመበት ቅጂ በእጁ አለ? የእኔ አልነበረም። አንድ ክለብ የ4 ወር ደመወዝ ሲያስቀርብኝ ተናድጄ ሌሊት ካምፑን ለቅቄ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣሁ። እነርሱም «ጥሎ ጠፋ» ብለው ጻፉ። ገንዘቡን ክለቡ ከበላው ይልቅ የእኔ ቁጣ የበላው ይበልጣል። በፊፋ የዝውውር ደንብ መሠረት ቢያንስ የ2 ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ለመክፈል ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው በሕጋዊ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ለሀገር ውስጥ ውል ግን ልጅዎ አስቀድሞ የራሱን ውልና የፌዴሬሽኑን ደንብ ያንብብ። ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር ውል መፈራረም እንደሚችልም በዚያው በፊፋ ደንብ ተጽፏል። ብዙ ተጫዋች ይህን የሚሰማው ከደላላ ነው፤ ያውም ዘግይቶ።

ይተው አይበሉት። በ27 ዓመት እግር ገና ይሮጣል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን የሚያቆየው ኳስ ማሻማት ነው፤ ከልምምድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀርቶ በግራ እግሩም ያሻማ። እኔ ግራዬን ንቄው 31 ዓመት ሲሆነኝ ፈላጊ አጣሁ።

ዘንድሮ ሲመጣ ስለ ግብ አይጠይቁት። ቡናውን አፍልተው፣ ሁለተኛው ሲቀዳ «ስንት ወር ደመወዝ ቀረብህ?» ይበሉት። ዝም ካለ ቀርቶበታል፤ ያኔ እንደገና ይጻፉልኝ።