የድሮ ላንድክሩዘር የፊት ሃብ፦ ጥያቄና መልስ ከሱሉልታ

ክረምት ደርሷል። የሱሉልታ መረሬ አንዴ ከራሰ ፎር ዊል የማይሠራለት መኪና አስፋልት ዳር ነው የሚቀረው። 40 እና 60 ላንድክሩዘር ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ ፊት ሃብ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ (አክስል) ጋር ስለሚያያይዘው (ሎክ) እና ስለሚለየው (ፍሪ) ክፍል፣ የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም ሃብ ሎክ አድርጌ፣ የፎር ዊል ማርሹንም አስገብቼ የፊት ጎማዎቹ ጭቃ ላይ አይዞሩም። ዲፈረንሻሉ ሄዶ ይሆን?

መልስ፦ አትደንግጥ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሃቡን ጠርጥር። ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች ስለሚያካፍል፣ አንዱ ሃብ ካልያዘ ጉልበቱ በሙሉ በእሱ በኩል በከንቱ ያልቃል። ደልዳላ ቦታ አቁምና የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ። ፎር ዊሉን አውጣ፣ ሃቦቹን ሎክ ላይ ተዋቸው። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንስተህ በእጅህ አዙር። የፊት ካርዳኑ (ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ) አብሮ ካልዞረ አንዱ ሃብ አልያዘም ማለት ነው። ጎማዎቹን በየተራ እያነሳህ ሞክር። ሎክም ፍሪም ላይ እኩል ቀሎ የሚዞረው ጋ ነው ችግሩ።

ጥያቄ፦ ሃቡን ሎክና ፍሪ የማደርግበት መዞሪያ ደርቋል። በፒንሳ ላዙረው?

መልስ፦ በፍጹም! አምና በፒንሳ ተጠምዝዞ የተሰበረ መዞሪያ መጣልኝ። ስከፍተው ውስጡ ምንም አልተበላሸም፤ ግሪሱ ብቻ እንደ ሰም ደርቆ ጥርሶቹን ይዟቸው ነበር። ያሳዝናል።

የክዳኑን ትናንሽ ብሎኖች ፍታ። ክዳኑ ሲነሳ በአክስሉ ጫፍ ላይ አንዲት የብረት ቀለበት ታያለህ፤ እሷን አውጣ። ከዚያ 6ቱን ዳዶዎች አላላ፣ ግን ጨርሰህ አታውጣቸው። ከሥራቸው ሾጣጣ ሮንዴላዎች ተጣብቀው ይኖራሉ። በነሐስ ዘንግ ዙሪያውን መታ መታ ስታደርግ ብቅ ይላሉ። ሁሉንም በናፍጣ እጠብ፣ አድርቅ፣ ቁጥር 2 ሊትየም ግሪስ ስስ አድርገህ ቀባ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ሃቡን በግሪስ ይሞላዋል። በሱሉልታ የጠዋት ብርድ ያ ግሪስ ይጠጥርና ጥርሶቹ አይንሸራተቱም። ጠቅጠቅ ተደርጎ ግሪስ የሚፈልገው ኩሽኔታው ነው።

ቀለበቷን ስትመልስ እንዳትታገል፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ባለችው ቀዳዳ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገብተህ አክስሉን ወደ ራስህ ሳበው። ቀለበቷ ቦታዋ ላይ ቁጭ ትላለች።

ጥያቄ፦ እኔ ሃቡን ስከፍተው ግሪሱ ቀጥኖ ሾርባ ሆኗል። ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አሽቺው። የዲፈረንሻል ዘይት ከሸተተሽ የውስጠኛው ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) አልቋል፤ እሱ ሳይቀየር ግሪስ ብትቀይሪ ብርሽን መጣል ነው። ነጣ ብሎ ወተት የመሰለ ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቷል። የክዳኑን ጋስኬትና የመዞሪያውን ጎማ ቀለበት ለውጪ።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ መኪናዬ ከሰንዳፋ ብዙ አትወጣም። ሃቡ ሁሌ ሎክ ላይ ቢሆን ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም አባቴ፣ ትንሽ ነዳጅ ይበላብዎታል እንጂ። የሚጎዳው ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊሉን ማስገባት ነው። ዓመቱን ሙሉ ፍሪ ላይ መተውም አይመከርም። ቶዮታ በየወሩ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በፎር ዊል ንዱ ይላል፤ እርስዎ ፒስታ መንገድ ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሃቡን አውጥቼ ድፍን ፍላንጅ (ጎማውን ሁልጊዜ ከአክስሉ ጋር አያይዞ የሚይዝ ክዳን) ልግጠም?

መልስ፦ ድፍኑ አይሰበርም፣ እውነት ነው። ግን አርተር ዋርን በ1948 እ.ኤ.አ. ለጂፕ ይህን ሃብ መሥራት የጀመረው የፊት አክስሉ አስፋልት ላይ በከንቱ እንዳይዞር ብሎ ነው። ኦሪጅናሉ በእጅህ ካለ አትጣለው። ከገበያ ርካሽ ቅጂ ከመግዛት ያንኑ አጥበህ አዲስ ቀለበትና ጋስኬት ግዛለት።