መልስ፦ የብቸኝነት መጠይቁ የክሮንባክ አልፋ ለምን እንዲህ ወረደ?

በስልክ አጠቃቀምና በብቸኝነት ጥናትሽ ላይ አልፋው (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) በጣም ወርዶ ዳታው ተበላሽቶ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። ዳታው አልተበላሸም። አልፋውን ያሰላሽው ተገልብጠው የሚቆጠሩትን ጥያቄዎች ሳትገለብጪ ይመስላል። በተጠቀምሽበት የብቸኝነት መጠይቅ፣ በዩሲኤልኤ መለኪያ 3ኛ ቅጂ፣ ከ20ዎቹ ጥያቄዎች 9ኙ (1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10፣ 15፣ 16፣ 19፣ 20) በአዎንታ የተጻፉ ናቸው። እነሱ ላይ 4 (ከ1 እስከ 4 ካሉት ምርጫዎች ከፍተኛውን) መመለስ ብቸኝነት አለመኖሩን ነው የሚያሳየው፤ ከሌሎቹ 11 ጋር እንዲሁ ሲደመር አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

1. ጥሬውን ፋይል ሳትነኪ ለ9ኙ አዲስ ዓምድ ክፈቺ።
2. መልሱን ከ5 ቀንሺ። ሶፍትዌሩ ምርጫዎቹን ከ0 እስከ 3 መዝግቧቸው ከሆነ ግን ከ3።
3. አልፋውን እንደገና አስዪ። ድምሩ ከ20 እስከ 80 (በ0–3 ከሆነ ከ0 እስከ 60) ካልሆነ የቀረ ነገር አለ።

መጠይቁ በስልክ ሲሞላ ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ከነበረ ዓምዱን በተራ ቁጥር ሳይሆን በጥያቄው ጽሑፍ ፈልጊው። አልፋውን ለማሳደግ ብለሽ ጥያቄ እየጣልሽ አትሞክሪ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደዚያ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በአንድ ፋይል ላይ ሁለት ረዳቶች ሲሠሩ አንዱ የገለበጠውን ሌላው መልሶ ይገለብጠዋል፣ ቁጥሩም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የተገለበጠው ዓምድ ስም ላይ «ተገልብጧል» ብለሽ ጻፊ። ከስልክ አጠቃቀም ሰዓት ጋር ያሰላሽው ዝምድና ካለም በአዲሱ ድምር ይደገም።